ከወይራ ደጋ እስከ ግንደ ወይን፤ የብስክሌትና የመንገድ ታሪክ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ የጎጃምን አፋፍ ሲወጣ ግንደ ወይን ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። አንዳንዱ ሰው ጉንደ ወይን ይላታል፤ በግእዙም ሆነ በአማርኛው ትርጓሜው ያው የወይን ግንድ ነው። በወዲያኛው ማዶ ወይን በስም ሲኖር፣ በወዲህኛው ማዶ፣ በቦረናና በአማራ ሳይንት ደጋ፣ ወይራ በአካል ቆሞ ይታያል። የእኛ ወይራ ዘይት ከሚጨመቅበት ከሜዲትራኒያን ወይራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የእጽዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ የዝርያ ስም ጠርተው በንዑስ ዝርያ ብቻ ይለዩአቸዋል። እንግዲህ በአንድ ጫፍ ወይራ፣ በሌላው ጫፍ የወይን ስም ያለበት፣ አቀበትና ቁልቁለቱ የተጠመዘዘ መንገድ በአገራችን አለን ማለት ነው።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ብስክሌት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ የታሰበኝ ይኸው መንገድ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ በቱስካና ወይም በፕሮቫንስ ቢገኝ ኖሮ በየዓመቱ የብዙ አገር ብስክሌተኛ ይጎርፍበት ነበር። እነዚያ አገሮች በወይን ሐረግና በወይራ ዛፍ መካከል የሚነዳ ብስክሌተኛ የዘወትር መልካቸው ሆኗል። በእኛ ወይራ ሥር ያደገው ልጅ ግን ከብስክሌት ጋር የሚተዋወቀው ዘግይቶ፣ ያውም በኪራይ ነው። ከፍታ አላነሰውም፤ ሳንባና ጉልበትም አላነሰውም። በፕሮቫንስ የብስክሌተኞች መፈተኛ ሆኖ ስሙ የተፈራው የቬንቱ ተራራ ጫፉ 1,910 ሜትር ያህል ነው፤ መካነ ሰላም ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። እነርሱ ተራራቸውን ወጥተው ከሚጨርሱበት ቦታ ወደ 700 ሜትር ከፍ ብሎ የእኛ ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? መልሱ ከሰውየውም ከተራራውም ሳይሆን ከመንገዱ ታሪክ የሚገኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ከሩቁ ጀምሬ ወደ ቅርቡ ልመለስ።

ብስክሌት ራሱ ዕድሜው ብዙ አይደለም። ሁለቱ መንኮራኩሮች እኩል ሆነው የኋላው በካቴና የሚዞርበት ዓይነት በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ በነፋስ የሚሞላው ጎማ በ1888 ተከተለው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1909 ሌሊቱ ሳይነጋ 127 ተወዳዳሪዎች ከሚላኖ ከተማ ተነሥተው የኢጣልያን ዙር፣ ጂሮ ዲታሊያ የሚባለውን እሽቅድምድም ጀመሩ። መንገዱ በ8 ምዕራፍ የተከፈለ፣ በጠቅላላው 2,448 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተነሡት መካከል 49ኙ ብቻ ጨረሱ። ያሸነፈው ሉዊጂ ጋና ሙያው ግንበኝነት ሲሆን፣ ወደ ሥራው የሚመላለሰውም በብስክሌት ነበር ይባላል። ከድሉ በኋላ ምን እንደ ተሰማው ቢጠየቅ መቀመጫው እንደ ተቃጠለ ብቻ መለሰ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረክለታል። ያን ጊዜ የነበረውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በመልሱ አይስቅም፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ አስፋልት የለም፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ ነው። ውድድሩን ያሰናዳው ጋዜታ ዴሎ ስፖርት የተባለው ጋዜጣ ነበር። ጋዜጣው ለመሸጥ ውድድሩን ፈለገ፤ ውድድሩ ለመካሄድ መንገዱን ፈለገ፤ ሕዝቡም በዚህ ሳቢያ የአገሩን መንገድ በስም በስሙ ለይቶ ዐወቀ።

በቱስካና አውራጃ፣ ኪያንቲ በሚባለው የወይን አገር፣ ነጭ መንገዶች የሚባሉ አሉ። በኖራማ ድንጋይና በጠጠር የተደለደሉ ስለሆኑ ከሩቅ ሲታዩ በወይኑና በወይራው አረንጓዴ መካከል የተዘረጋ ነጭ ክር ይመስላሉ። የተሠሩት ለስፖርት አይደለም። እኩል አራሾች፣ ማለትም ካመረቱት ግማሹን ለባለ ርስቱ የሚያካፍሉ ገበሬዎች፣ ወይናቸውንና የወይራ ፍሬያቸውን በበሬ ጋሪ ወደ መጭመቂያው የሚያደርሱባቸው ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ሥርዓት ፈርሶ ገበሬው ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ መንገዶቹም አንድ በአንድ አስፋልት ይለብሱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በጥር 1985 ደግሞ የአካባቢው ሰው የማይረሳው ብርድ ወርዶ የቱስካናን የወይራ ዛፎች አብዛኛውን አደረቃቸው፤ ብዙዎቹ ከሥራቸው ተቆርጠው ከግንዳቸው እንደ ገና ያቆጠቆጡ ናቸው። የገጠሩ መልክ ሊጠፋ ነው የሚለው ፍርሃት በዚያ ዘመን ባዶ ቃል አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል የጋዮሌ ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ሌሮይካ፣ ማለት ጀግኒቱ፣ የተባለውን ጉዞ መሠረተ። ተሳታፊው በአሮጌ የብረት ብስክሌት፣ በድሮ ልብስ፣ በነጩ መንገድ ላይ ይነዳል። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት መቶ አይሞሉም ነበር፤ ኋላ ግን በሺህ ይቈጠሩ ጀመር። ከ2007 ወዲህም እውነተኞቹ ባለሙያዎች በእነዚሁ የጠጠር መንገዶች ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ የመጨረሻው መሥመር ሲዬና ከተማ አደባባይ ላይ ነው። የብሮቺ ዓላማ መንገዶቹ አስፋልት እንዳይለብሱ ማዳን ነበር፤ አብዛኞቹም በዚሁ ዳኑ። በዚህ ስፍራ አንድ መንገድ ሠሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም። እኛ ኮረኮንቹ አስፋልት እንዲሆን አቤቱታ ስንጽፍ፣ እነርሱ ኮረኮንቻቸው እንዳይነካ አቤቱታ ይጽፋሉ። ነገር ግን ነጩ መንገድ ሊወደድ የቻለው ሌላ የሚሄዱበት መንገድ ስላላቸው መሆኑን መርሳት አይገባም። የታመመ ሰው በቃሬዛ የሚጓዝበትን መንገድ ማንም ለውበቱ ብሎ አይጠብቀውም።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። የብስክሌት እሽቅድምድም ወደ እኛ ወገን የመጣው በቅኝ ገዥ ጓዝ ውስጥ ሆኖ ነው። በአስመራ ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ውድድር በተደረገ ጊዜ የተፈቀደው ለኢጣልያውያን ብቻ ነበር፤ ኤርትራውያን ከዳር ቆመው እንዲያዩ ተፈረደባቸው። በ1939 ግን ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን እንዲወዳደሩ ሲደረግ ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ ሆነ። ያን ጊዜ የዘር ሕጉ ጥቁሩ ዝቅ ያለ ነው ይል ነበርና፣ በመንገድ ላይ በይፋ የተቈጠረ ሰዓት ሕጉን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሐሰተኛ አደረገው። የኢጣልያ አገዛዝ ካበቃ በኋላ በ1946 የኤርትራ ዙር በ34 ተወዳዳሪዎች ተጀመረ።

ከዚያ ዘመን የቀረልን ሌላው ምስክር ቋንቋችን ነው። ከማናቸውም የብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ቆመው ያዳምጡ። ጎማው ጎማ ነው፤ የውስጡ ካላማዳሪያ፤ ክቡ ብረት ቸርኬ፤ ሰንሰለቱ ካቴና፤ ማቆሚያው ፍሬን፤ ጠጋኙ ራሱ ጎሚስታ። ሁሉም የኢጣልያንኛ ልጆች ናቸው። አስፋልትም እንደዚሁ ነው፤ ያልተነጠፈውንም ሸካራ መንገድ ፒስታ የሚለው ሹፌር ሳያውቀው በኢጣልያንኛ ይናገራል። ማረሻን፣ ሞፈርንና ቀንበርን ከእነ ስማቸው ከአባቶቻችን ወረስን፤ የመንኮራኩሩን ዓለም ግን ከእነ መዝገበ ቃላቱ ከባዕድ ተቀበልን። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ዕቃው በየትኛው በር እንደ ገባ የሚያሳይ ዱካ ነው።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በሜልቦርን ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር አራት ብስክሌተኞች ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ፀሐዬ ባህታ። ይህን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በተደረገው ወደ 188 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የመንገድ ላይ ውድድር ገረመው 24ኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ ቡድናችን 9ኛ ወጣ። አሸናፊው ኢጣልያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ቡድን፣ ስፖርቱን ከፈጠሩት አገሮች ጋር ተሰልፎ ዘጠነኛ መሆኑ እንደ ትንሽ ነገር መታየት አልነበረበትም።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በሮማ ከተማ ሆነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በአፒያ ጎዳና ላይ ሮጦ ማራቶንን እንዳሸነፈ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከእርሱ 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 24 ቀን፣ ገረመው ደንቦባና ሦስት ጓደኞቹ በዚያችው ከተማ በስተ ሰሜን በግሮታሮሳ ዙሪያ 175 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው በብስክሌት እንደ ተወዳደሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያም በፊት ነሐሴ 20 ቀን በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር ተሰልፈው ነበር። የዚያን ቀን ሙቀት እጅግ የበረታ ከመሆኑ የተነሣ ክኑድ የንሰን የተባለ የዴንማርክ ብስክሌተኛ ከመንገድ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ልጆቻችን የተወዳደሩት በዚሁ ዕለት፣ በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ለእኛ ሙያ ሰዎች ከውጤቱ ይልቅ መንገዱ ይነግረናል። አበበ የሮጠበት የአፒያ ጎዳና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የተጀመረ ነው፤ ብስክሌተኞቹ ከነዱባቸው መንገዶች አንዱ የሆነው ፍላሚኒያ በ220 ዓመት ተሠራ። ሁለቱም ለሠራዊት መሄጃ የተቀየሱ ነበሩ። አንድ መንገድ ከተሠራበት ዓላማ አልፎ ሁለት ሺህ ዓመት ከኖረ በኋላ ማንን እንደሚሸከም የሠራው ሰው ሊያውቀው አይችልም። ቀያሹ መሐንዲስ ከደጋው ኢትዮጵያ የመጣ ወታደር በሌሊት በባዶ እግሩ ይሮጥበታል ብሎ አላሰበም።

ስማቸው የተጠራው ብስክሌተኞቻችን ከየት መጡ? በመጀመሪያ ከአስመራና ከአዲስ አበባ፤ በኋላም ከመቀሌ። በ1960ዎቹ በሜክሲኮና በሙኒክ ኦሊምፒኮች የተሰለፉት እነ ተከስተ ወልዱ ከዚያው መሥመር የበቀሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይን ዙር የተካፈለው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ሲሆን፣ የተሰለፈውም ላምፕሬ ሜሪዳ በተባለው የኢጣልያ ቡድን ውስጥ ነበር። ካርታ ዘርግቶ እነዚህን ከተሞች የሚያያይዝ ሰው አስመራን፣ መቀሌን፣ ደሴን፣ አዲስ አበባን የሚነካ አንድ መሥመር ያገኛል። ይህም ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ወርራን እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየችበት ጊዜ ለጦር ሠራዊቷ የሠራችው ዋናው መንገድ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ያስቆፈረው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ያስወጣው ይኸው መንገድ ነው።

ይህ መሥመር በወሎ በኩል የደጋውን ምሥራቃዊ ጫፍ ተከትሎ ያልፋል። ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለው ሰፊ አገር፣ ማለት ወረ ሂመኖ፣ ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ ቦረናና ከላላ፣ ከዋናው መሥመር ውጭ ቀረ። መሬቱም ለመንገድ ሠሪ ቀላል አይደለም። በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ወለቃ፣ በምዕራብ ዓባይ በጥልቅ ቆርጠውታል። ከደሴ ወጥቶ በጉጉፍቱ በኩል ሲኬድ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ደጋ ለደጋ ተጉዞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ላይ መካነ ሰላም ይደረሳል።

ሆኖም ይህ አገር መንገድን አያውቅም ማለት ስሕተት ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በመንኮራኩር ላይ አስጭነው ነበር። ለአንድ መድፍ ማለፊያ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች የሚያሻግር መንገድ ተሠራ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ በተፈለገበት ቀን አልሠራም፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ተቀምጧል። ነገር ግን በምዕራብ ወሎ ደጋ ላይ ስለ መንኮራኩርና ስለ መንገድ አንድነት የሚናገር ሰው ከዚህ መጀመር አለበት። ንጉሡ የተረዱት ነገር ግልጽ ነው፤ መንኮራኩር ብቻውን ምንም አይደለም።

ከዚያም ወዲህ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ የዐድዋ ዘመቻ አዋጅ የሸዋውን ጦር ያሰባሰበው በወረ ኢሉ ነበር። የመጣው ጦር በእግርና በበቅሎ የመጣ ነው፤ ለእግርና ለበቅሎ የሚበቃ መንገድ በዚያ አገር ሞልቶ ነበር። ለመንኮራኩር የሚበቃው ግን አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከዓለም ባንክ በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የመጀመሪያ ሥራው የተጎዱትን ነባር መንገዶች መጠገን ሆነ። ይህ በሙያው ሚዛን ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ የፈረሰውን ከመጠገን በፊት አዲስ መጀመር ብክነት ይሆን ነበር። ውጤቱ ግን ወራሪው ለራሱ ጦርነት ያሰመረው ካርታ ለእኛ ሰላም ካርታ ሆኖ መቀጠሉ ነው። መንገድ ያገኘው አገር ተጠገነለት፤ ያላገኘው ተራውን ጠበቀ። የጥበቃው ዋጋ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ ጊዜ ታየ። እህል ወደ ሕዝቡ የሚደርስበት መንገድ ስላልነበረ፣ ሕዝቡ ራሱ ከየደጋውና ከየቆላው እየተነሣ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። በዚያ ዘመን ከደሴ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ከመንገዱ ዳርና ዳር ያየውን ሁሉ እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም። ስለዚህ ስለ ብስክሌት ስንናገር ስለ ጨዋታ ብቻ የምንናገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይህን ያስብልኝ፤ ብስክሌተኛ ያላፈራው የመንገድ እጦት ከዚያ የባሰውንም ያደረሰው ያው እጦት ነው።

አንድ የግል ጉዳይ ላንሣ። በወጣትነቴ በሥራ ምክንያት መካነ ሰላም ሰንብቼ ሳለ አንድ እሑድ ብስክሌት ተከራይቼ ወደ ዓባይ አቅጣጫ ልንሸራሸር ወጣሁ። ቁልቁለቱን የወረድሁበት ደስታ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ነፋሱ ጆሮዬን ሲያፏጭ፣ የሸለቆው ሙቀት ከታች ሲቀበለኝ፣ ዓለም ሁሉ ለእኔ የተዘረጋች መሰለኝ። ኋላ ፍሬኑ ከጠጠሩ ጋር ሲታገል ጋለና አልይዝ አለ፤ ከጉድባው ዳር ባለው አፈር ላይ ተጋድሜ ቆምሁ። መውጣቱ ሌላ ታሪክ ነው። ብስክሌቱን በትከሻዬ ተሸክሜ አቀበቱን ስወጣ ያገኙኝ አንድ አዛውንት አህያቸውን አቁመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝና፣ «የኔ ልጅ፣ እርሱ ነው አንተን የሚሸከመው ወይስ አንተ ነህ እርሱን?» አሉኝ። ለሙያዬ ከተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

በቅርቡ ዐሠርተ ዓመታት ነገሩ ተለውጧል። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም፣ ከመካነ ሰላምም ወደ ግንደ ወይን የሚሄደው መንገድ እየተሻሻለ ሄዶ ሁለቱን ክፍላተ ሀገር አገናኝቷል፤ በከተማዋም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፍቷል። የመንገዱን መምጣት ከማንም በላይ የምደሰትበት ሰው ነኝ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል፤ ሁለቱም ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው ስለ መንገዱ ዳር ነው። መንገዶቻችን የሚቀየሱት በመኪና ፍጥነትና ክብደት ሒሳብ ነው። በገበያ ቀን ከገጠር መንገድ ዳር ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ግን የመንገዱ እውነተኛ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ በዓይኑ ያያል፤ እግረኛው፣ አህያው፣ በጉን የሚነዳው ልጅ ነው። ለእነዚህ የሚተርፍ ጠንካራ ዳር ሲቀነስ ወጪው ይቀንሳል፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሕዝብ ግን አይቀንስም። ብስክሌተኛም የሚፈልገው ያንኑ ዳር ነው እንጂ የተለየ ነገር አይደለም። አዲስ መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ አሮጌው መሥመር በየጥምዝማዛው ተጥሎ ይቀራል፤ አፈሩ ይሸረሸራል፣ ቦዩ ይደፈናል። የኪያንቲ ሰዎች አሮጌውን መንገድ ያዳኑት በብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ቦዩን በመጥረግና ጠጠሩን በየጊዜው በመመለስ ነው። ለጭነት እንስሳ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን አሮጌ መሥመር ከአዲሱ ጎን ተጠብቆ ቢቆይ ምን ያህል አደጋ ይቀንስ እንደ ነበረ የሙያ ጓደኞቼ ራሳቸው ያስሉት።

ሁለተኛው ስለ ወይራው ነው። በደንቆሮ ጫካና በዙሪያው፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው አገር፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ደን ገና አለ። ወይራ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ ነው። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን የሚያጥኑበት፣ ገበሬው የመጥረቢያ እጀታና ዱላ የሚያወጣበት፣ ሽማግሌው የሚፋቅበት ነው። በግእዝ ዘይት የሚለው ቃል ዛፉንም ቅባቱንም ይጠራል፤ ደብረ ዘይት የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ለዘመናት ወይራን የጠበቀው ግን የስሙ ክብር ብቻ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድና የመንገድ አለመኖር አብረው ጠብቀውታል። የጭነት መኪና በደረሰበት ሁሉ የከሰል ጆንያ እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። የቱስካና ወይራ በብርድ ሲሞት ከግንዱ እንዲያቆጠቁጥ ገበሬው ጠበቀው፤ ፍሬው የቤቱ ገቢ ነበርና። የእኛ ወይራ ፍሬው ትንሽ፣ ዘይቱ ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።

ወይንና ብስክሌት የተገናኙበትን አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2022 ቢንያም ግርማይ የተባለው የአስመራ ልጅ በጂሮ ዲታሊያ ከፔስካራ ተነሥቶ ዬዚ ከተማ የሚያበቃውን ምዕራፍ አሸነፈ፤ በታላላቆቹ ሦስት ዙሮች ምዕራፍ በማሸነፍም ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። ዬዚ ቬርዲኪዮ በሚባለው ነጭ ወይን የታወቀች፣ ኮረብታዎቿ ሁሉ ወይን የለበሱ አገር ናት። ለአሸናፊው የቀረበለትን የሚፈላ ወይን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተስፈንጥሮ ዓይኑን መታው፤ በማግሥቱም ከውድድሩ ወጣ። በ2024 ግን በፈረንሳይ ዙር ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። በ1937 ኤርትራውያን ከመንገድ ዳር ቆመው እንዲያዩ በተፈረደባት ከተማ የተወለደ ወጣት፣ በፈራጆቹ አገር፣ በወይናቸው መካከል አንደኛ ሲወጣ በቴሌቪዥን አየሁት። የድንበሩን ጉዳይ ለጊዜው ትቼ ተነሥቼ አጨበጨብሁ።

ባለፈው ጊዜ ወደ መካነ ሰላም በሄድሁ ማግሥት ጠዋት ከከተማው ወጣ ብዬ ስሄድ ሦስት ልጆች ኩሽኔታ ሲያዘጋጁ አገኘኋቸው። ከመኪና የወለቁ አሮጌ ኩሽኔታዎችን በእንጨት ዘንግ ዳርና ዳር ሰክተው፣ ከላይ ጣውላ መትተው፣ የፊቱን በገመድ እንዲመራ አድርገው የሚነዱት፣ በየከተማችን ያለ የልጆች ሠረገላ ነው። ዘንጉ ባለፈው ሳምንት ባሕር ዛፍ ስለነበረ መሰበሩን፣ አሁን ግን የወይራ ማግኘታቸውን ትልቁ ልጅ ነገረኝ። ከየት እንዳገኙት ስጠይቅ ዝም አሉ። ከዚያ ታናሹ ተቀመጠ፣ ሁለቱ ከኋላው ገፉት፣ ሠረገላውም ብረቱ እየጮኸ ቁልቁለቱን ወደ ግንደ ወይን አቅጣጫ ወረደ።